የመለኪያ መሣሪያዎችን ጥገና ስለማዘግየት የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በወልቂጤና በቡታጅራ መናኸሪያዎች የምንሠራ የሕዝብ ማመላለሻ አሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያዎች፣ የመለኪያና የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎቻቸው የተበላሹ ተሽከርካሪዎች ሳይጠገኑ ለስምሪት ስለሚወጡበት አሠራር በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተናል። የሁለቱንም ከተሞች አባላት አስተያየት ከመረመርን በኋላ ከዚህ በታች የተመለከተውን አቋም ይዘናል። መግለጫው የቀረበው ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች፣ ለጉራጌና ለምሥራቅ ጉራጌ ዞኖች የትራንስፖርት መምሪያዎች፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለተሳፋሪው ሕዝብ ነው።

ጉዳዩ ለአባሎቻችን አዲስ አይደለም። የፍሬን አየር ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ቆሟል። የሙቀት ጌጁ መርፌ ከሥር አይነሣም። የዘይት መብራቱ እየበራ ስላስቸገረ አምፖሉ ተነቅሏል። አሽከርካሪው ለባለንብረቱ ይናገራል፤ መልሱ ‹‹ይቺን ሳምንት ሥራባትና እናያለን›› ነው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ መልሱ ‹‹መስቀል ይለፍ››፣ ‹‹አረፋ ይለፍ›› ይሆናል። መስቀልም አረፋም ያልፋሉ፤ ጌጁ ግን እንደቆመ ነው። በዚህ መሐል የተጻፈ ነገር የለም። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ የሚያሳይ አንድ ወረቀት አይገኝም።

ቅሬታችን ጥገና ዘገየ የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ መግለጫ ማውጣት ባላስፈለገን ነበር። መለዋወጫ በሁለቱም ከተሞች በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። ሲገኝም ዋጋው፣ በተለይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አንድ መኪና ብቻ ያለውን ሰው ይፈትናል። ባለንብረት ሁሉ ሀብታም እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከአባሎቻችንም መካከል በብድር የገዛውን መኪና ራሱ የሚነዳ አለ። ስለዚህ ማኅበራችን ብልሽት ያለበት ተሽከርካሪ ሁሉ ይቁም አይልም። የምንለው፣ ጥገና የሚዘገይ ከሆነ መዘግየቱ ይጻፍ፤ ቀን ይቆረጥለት፤ ያዘገየው ሰው ይፈርምበት፤ አንድ ቀንም ሊዘገዩ የማይገባቸው ብልሽቶች ደግሞ ከወዲሁ ተለይተው ይታወቁ ነው። ዛሬ ባለው አሠራር ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም የለም።

ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። በጥንቃቄው ተወዳዳሪ የለውም በሚባለው በአየር ትራንስፖርት እንኳ ጥገና ይዘገያል። ብዙ ተሳፋሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ነገር ግን አንድ አውሮፕላን የተወሰነ መሣሪያው ሳይሠራ ሰው አሳፍሮ እንዲነሣ ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን በቃል አይሰጥም። አምራቹ አዘጋጅቶት ተቆጣጣሪው ያጸደቀው ዋና ዝርዝር አለ። አየር መንገዱ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ያወጣል፤ ያንንም የአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያጸድቀዋል። የትኛው መሣሪያ ሳይሠራ መብረር እንደሚቻል፣ በምን ቅድመ ሁኔታና እስከ ስንት ቀን እንደሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፏል። ብልሽቶች በአራት ምድብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ምድብ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ገደብ የተጻፈለት ነው። የሁለተኛው ምድብ ብልሽት ከተመዘገበበት ቀን በኋላ በ3 ቀን፣ የሦስተኛው በ10 ቀን፣ የአራተኛው በ120 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። የማይሠራው መሣሪያ እንደማይሠራ የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ቴክኒሻኑም በአውሮፕላኑ የቴክኒክ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ካፒቴኑ መዝገቡን ያነብባል፤ ዝርዝሩ ቢፈቅድም እንኳ ‹‹በዚህ አየር፣ በዚህ መንገድ ይህን አውሮፕላን አልቀበልም›› ማለት ይችላል። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰና ለደኅንነት የሚያስፈልግ መሣሪያ ደግሞ ሁልጊዜ መሥራት አለበት። ስሙ አልተጠቀሰም ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ያመጣው ሥርዓቱ ሲጓደል የሚከፈለው ዋጋ ነው። ከዋጋው የከበደው በአገራችን ተከፍሏል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበሩ። አውሮፕላኑ ከአየሩ ፍሰት ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ በሁለቱም አደጋዎች የአንደኛው ንባብ የተሳሳተ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ያንን አንድ ንባብ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። በኢትዮጵያው አውሮፕላን ሴንሰሩ በምን ምክንያት እንደተሳሳተ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። በዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም።

ጉዳያችንን የሚነካው ሌላ ነው። ሁለቱ ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪዎች የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ እንዳለ በአውሮፕላኑ መመሪያ ተጽፎ ነበር። በአብዛኞቹ የማክስ አውሮፕላኖች ላይ ግን አይሠራም ነበር፤ ማስጠንቀቂያው በተጨማሪ ክፍያ ከሚገዛ ሌላ ማሳያ ጋር ተያይዞ ቀርቶ ነበርና። ቦይንግ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለደኅንነት አያሰጋም ብሎ ደመደመና ማስተካከያውን ለ2020 ቀጠረው። ለአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ያሳወቀው ላየን ኤር ከወደቀ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መርማሪዎችም ማስጠንቀቂያው በበረራ 302 ላይ እንዳልታየ መዝግበዋል። ቢታይ ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር ብሎ መፍረድ የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ የሚችል ካለም እኛ አይደለንም። ነገር ግን አንድ መሣሪያ እንደማይሠራ ያወቀ ወገን፣ መሣሪያውን አምኖ ለሚቀመጠው ሰው ሳይነግር ለጥገናው የሩቅ ቀጠሮ መስጠቱን አይተናል። ያንን ድርጊት በዳሽቦርዳችን ላይ በየዕለቱ ስለምናየው ለማወቅ አልቸገረንም።

ከላየን ኤሩ አደጋ ሌላ ትምህርት አለ፤ ይህኛው የሚመለከተው እኛን አሽከርካሪዎችንና መካኒኮችን ነው። አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ ሲበር ያው ችግር ገጥሞት ነበር። ካፒቴኑ ካረፈ በኋላ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች እንዳልተስማሙ በመዝገቡ ጻፈ። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ማስጠንቀቂያ በበረራው ሲሠራ መቆየቱን ግን አልጻፈም። ቴክኒሻኖቹ በተጻፈላቸው መጠን ሠሩ፤ ያልተጻፈላቸውን ሊያውቁ አልቻሉም። በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑ ለሌላ ካፒቴን ተሰጠ። ሴንሰሩ ራሱ ታድሶ የተገጠመ ያገለገለ ዕቃ ነበር፤ ንባቡም በ21 ዲግሪ የተዛነፈ እንደነበር ምርመራው አረጋግጧል። መኪና ሲቀባበሉ ‹‹ትንሽ ታስቸግራለች፣ ግን ትሄዳለች›› ብሎ ቁልፍ የሚያስረክብ ባልደረባ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያስበው አንጠላም።

ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃም አንሸሽግም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 2008 በማድሪድ የስፓንኤር አውሮፕላን ለመነሣት ተንደርድሮ ወድቆ 154 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት አውሮፕላኑ በአንድ የሙቀት መለኪያ ችግር ምክንያት ከሜዳው ተመልሶ ነበር። የመለኪያው ማሞቂያ መሬት ላይ መሥራት ሳይገባው ይሠራ ነበር። ቴክኒሻኖቹ የተፈቀደውን ዝርዝር ተመልክተው የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ ዘጉና አውሮፕላኑን ለቀቁት። ማሞቂያው ለምን ያለ ቦታው እንደበራ ግን አልተጠየቀም። አብራሪዎቹ የክንፉን ፍላፕ ሳይዘረጉ ተንደረደሩ፤ ይህን ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ድምፅም አልተሰማም። ዝርዝሩ መሣሪያውን ዝም ለማሰኘት እንጂ የብልሽቱን ምክንያት ለመፈለግ ካላገለገለ፣ ፊርማው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

አንድ ቀለል ያለ ምሳሌ እንጨምር፤ ቢያንስ በእሱ ሰው አልሞተም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ጌጆቹ ሳይሠሩ 69 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ነዳጁ በእጅ ተለካ፤ ሊትሩን ወደ ኪሎ ግራም ሲቀይሩት በፓውንድ ማባዣ ተጠቀሙ። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ሰማይ ላይ ነዳጁ አለቀ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር ጊምሊ በሚባል ቀድሞ የአየር ኃይል በነበረ ሜዳ ላይ አሳረፉት። ታንኩን በእንጨት እየለካ ከቡታጅራ የሚወጣ አባላችን ከዚህ ታሪክ የሚያስገርመው የአውሮፕላኑ ከፍታ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚጓዝ ተሽከርካሪ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ተነሥቶ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ዳገት በሙቀት ይወጣል። በአየር ፍሬን የሚሠራ አውቶቡስ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ከጋኑ አየር ይወጣል፤ ኮምፕረሰሩም መልሶ ይሞላዋል። በረጅም ቁልቁለት አረጋገጡ ሲደጋገም፣ ወይም የሆነ ቦታ አየር ሲያፈስ፣ የሚወጣው ከሚሞላው ይበልጣል። ግፊቱ ከ4 እስከ 5 ባር አካባቢ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የጌጁ መርፌ እየወረደ ለሾፌሩ ጊዜ ይሰጠዋል። ጌጁ ከሞተና የማስጠንቀቂያው ሽቦ ከተቆረጠ ሾፌሩ የፍሬኑን መዳከም የሚያውቀው በእግሩ ነው። በግቤ ቁልቁለት በእግር ማወቅ ዘግይቶ ማወቅ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ የሙቀት ጌጅ የሌለው ሞተር ውኃው ማለቁን የሚናገረው በእንፋሎት ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው በመታጠፊያ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በማታ፣ መንገድ ዘግቶ ይቆማል። ሀይሩፍና ቅጥቅጥ ሲሆን መሣሪያው ይለያያል፤ የፍሬን ዘይት መብራትና የሙቀት ጌጁ ግን የሚሠሩት ሥራ ያው ነው።

በቡታጅራ በኩል ያለው መንገድ ከአለምገና ተነሥቶ በመልካ አዋሽ፣ በጢያና በቡኢ ያልፋል። በቁልቁለት ከግቤ ያነሰ ቢሆንም በተሳፋሪ ብዛት የሚያንስ አይደለም። ከአለምገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ በ1950ዎቹ ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቷል፤ ጉራጌዎችም በዚያው ዘመን ለአገራቸው መንገድ የሚሠራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። መንገዱን በራሱ ገንዘብ ያሠራ ሕዝብ በዚያው መንገድ ላይ የሚሳፈርበት መኪና ፍሬን የሚለካ ጌጅ እንዲኖረው መጠየቁ ትንሽ ጥያቄ ነው።

የመስቀል ሰሞንን ለብቻው ማንሣት አለብን። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሕዝቡ ወደ አገሩ ይገባል። ወንድም እኅቱን፣ ልጅ አባቱን ሊያይ ይመጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ለአረፋም እንዲሁ ነው። በዓመቱ ውስጥ መኪና ከሁሉ ይበልጥ የሚጫንበት፣ ሾፌር ከሁሉ ያነሰ የሚተኛበት ጊዜ ይህ ነው። ጥገናውም የሚተላለፈው ልክ ለዚሁ ጊዜ ነው። ‹‹መስቀል ይለፍ›› የሚለው ቀጠሮ አደጋው ከሁሉ የሚከብድበትን ሳምንት መርጦ የተሰጠ ነው። ማኅበራችን በሌሎች ነጥቦች ላይ ለመነጋገር ዝግጁ ነው፤ ይህን ልማድ ግን ከእንግዲህ እንደ ልማድ አይቀበለውም።

ጥፋቱ የባለንብረቶች ብቻ እንዳልሆነ በጉባኤው ላይ ተነግሯል። አምፖል የነቀለው፣ የማስጠንቀቂያ ሽቦ የቆረጠው፣ የፍጥነት መገደቢያውን ለማለፍ የኪሎ ሜትር ገመድ የፈታው እጅ የእኛው የመካኒኮች እጅ ነው። የሚበራውን መብራት በፕላስተር የሸፈነውም ከእኛው ከአሽከርካሪዎቹ አንዱ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ቀን ከሌላ መኪና ጌጅ ተውሶ ገጥሞ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ ወደ ባለቤቱ የመለሰ ባልደረባም አለን። ለምን እንዳደረጉት እናውቃለን። ‹‹አላደርግም›› ያለ መካኒክ ደንበኛውን፣ ‹‹አልነዳም›› ያለ ሾፌር ተራውን ያጣል። ይህን እያወቅን የምናወጣው አቋም በቅድሚያ የሚያስረው አባሎቻችንን ነው።

የሕጉ መሠረት ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው ደግሞ በሚጠቀምበት መሣሪያ ላይ ያገኘውን ጉድለት ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ምርመራ ሳያልፍ እንዳይነዳ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲነበቡ በሥራችን የሚያስከትሉት ነገር ሚዛኑ የተዛባ ነው። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ አሽከርካሪው የሚያሳውቀው በቃል ነው፤ አደጋ ሲደርስ ግን ፍርድ ቤት የሚቆመው መሪውን የያዘው ሰው ነው። ተናግሬ ነበር ቢል ማስረጃ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ የሚያሰጋ ሁኔታ መኖሩን አስታውቆ ሰሚ ያጣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ሥራ መልቀቅና ‹‹ይህ መኪና ሳይጠገን አልነዳም›› ብሎ በሥራ ላይ መቆየት ግን የተለያዩ ናቸው። አባሎቻችን የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

በአስተዳደሩ በኩል ያለውንም እውነታ እናያለን። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተዋቀረ ወዲህ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ናቸው። ስምሪቱና ቁጥጥሩም በሁለት መምሪያዎች ሆኗል። በአንዱ መናኸሪያ ብልሽቱ የታወቀ ተሽከርካሪ በሌላው መናኸሪያ በማግስቱ ተራ ሲይዝ የሚጠይቀው የለም። አስተዳደራዊ ክፍፍሉን በተመለከተ ማኅበራችን የሚለው ነገር የለውም፤ ጌጁ የሞተ መኪና ግን በሁለቱም ዞኖች ጌጁ የሞተ ነው።

ማኅበራችን የምርመራ ባለሥልጣን አይደለም፤ ተሽከርካሪ የማገድ ሥልጣንም የለውም። ሥልጣኑ የአባላቱን ጥቅምና ደኅንነት ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባራቸውን መጠበቅ፣ በስማቸውም መናገር ነው። የሚከተሉት አቋሞች ከዚህ ሥልጣን ውስጥ የወጡ ናቸው፤ ከሌሎች አካላት የምንጠይቀው ባለበትም ቦታ ጥያቄነቱን ገልጸናል።

1. ማኅበሩ የብልሽት መዝገብ ያዘጋጃል፤ ለእያንዳንዱ አባልም ይሰጣል። ገጹ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ አንዱ መኪናው ውስጥ ይቆያል፣ ሌላው በመናኸሪያው ባለ የማኅበሩ ተወካይ ዘንድ ይቀመጣል። አሽከርካሪው ያየውን ሁሉ ይጽፋል፤ መኪናውን የሚረከበውም ባልደረባ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት አንብቦ ይፈርማል። መዝገቡ በአማርኛ፣ ያለ ኮድና ያለ ምሕጻረ ቃል፣ በሁለቱም ከተሞች በአንድ ዓይነት ቅጽ ይሆናል።

2. የሚከተሉት ብልሽቶች አንድ ቀንም አይዘገዩም፤ እስኪጠገኑ ድረስ አባሎቻችን ተሳፋሪ ጭነው አይወጡም፦ የፍሬን አየር ግፊት ጌጅና የዝቅተኛ ግፊት ማስጠንቀቂያው፤ በዘይት ፍሬን በሚሠሩት ላይ የፍሬን ዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት፤ የሞተር ሙቀት ጌጅ፤ የሞተር ዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ፤ የፍጥነት መለኪያና የፍጥነት መገደቢያ። የሙቀት ጌጁን በተመለከተ አጭር የከተማ ውስጥ ስምሪት ከዚህ ውጭ ይሁን የሚል ሐሳብ በጉባኤው ቀርቦ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ አልተቀበልነውም። የከተማ መኪና በመስቀል ሰሞን ወደ ግቤ እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን።

3. ከእነዚህ ውጭ ያሉ የመለኪያ ብልሽቶች ሊዘገዩ ይችላሉ። የነዳጅ ጌጅ እስከ 3 ቀን፣ ለጉዞ ደኅንነት ቀጥተኛ አስተዋጽኦ የሌላቸው ሌሎች መሣሪያዎች እስከ 10 ቀን ይሰጣቸዋል። ቀኑ የሚቆጠረው በመዝገቡ ከሰፈረበት ማግሥት ጀምሮ ነው። መለዋወጫ አለመገኘቱ በጽሑፍ ከተረጋገጠ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዚያው ያህል ቀን፣ ሊራዘም ይችላል። ሁለተኛ ማራዘሚያ የለም። የነዳጅ ጌጅ ሳይሠራ የሚወጣ መኪና ከመነሻው ታንኩ እስከ አፉ ይሞላል፤ በእንጨት መለካት ለመዘግየት ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ አይቆጠርም።

4. የሚያዘገየው ባለንብረቱ ነው፤ የሚፈርመውም እሱ ወይም በጽሑፍ የወከለው ሰው ነው። ያለ ባለንብረቱ ፊርማ የቆየ ብልሽት እንደ ዘገየ ጥገና አይቆጠርም፤ እንደ ተከለከለ ስምሪት ይቆጠራል። አደጋ ቢደርስ ማኅበሩ መዝገቡን ለመርማሪ አካላትና ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ለአባሉ የሚጠቅምም ይሁን የሚጎዳ ሳይለይ ያቀርባል።

5. በአንቀጽ 2 ወይም ቀኑ ባለፈ ብልሽት ምክንያት አልነዳም ያለ አባል ተራውን፣ የቀን ክፍያውን ወይም ሥራውን ሊያጣ አይገባም። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች በዚህ ምክንያት የቆመ መኪናን አሽከርካሪ ከሰልፉ መጨረሻ እንዳይልኩት ሁለቱን የትራንስፖርት መምሪያዎች እንጠይቃለን። አባሎቻችን በዚህ ምክንያት በሌላ አባል የተተወን መኪና ተረክበው አይወጡም። በዚህ ነጥብ ላይ ጉባኤው ያለ ልዩነት ወስኗል።

6. ማስጠንቀቂያ ዝም የሚያሰኝ አባል፣ አምፖል በመንቀል፣ ሽቦ በመቁረጥ፣ በፕላስተር በመሸፈን ወይም ለምርመራ ቀን ጌጅ በማዋስ፣ በማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ይጠየቃል። ባለንብረት ባዘዘው መሠረት አድርጌዋለሁ ማለት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ነፃ አያወጣውም። እንዲሁም ማስጠንቀቂያው በተደጋጋሚ የበራበትን ምክንያት ሳይፈልግ መብራቱን ብቻ ያስተካከለ መካኒክም ሥራውን እንደ ጨረሰ አይቆጠርም።

7. ለሁለቱ ዞኖች የትራንስፖርት መምሪያዎች የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማኅበሩን መዝገብ ስምሪት ከመስጠታቸው በፊት እንዲያዩት፤ በአንዱ የታገደ ተሽከርካሪ በሌላውም እንዲታወቅ የመረጃ ልውውጥ እንዲያደርጉ። ሁለተኛ፣ ዓመታዊው ምርመራ መሣሪያዎቹ ዳሽቦርዱ ላይ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ ንባባቸው እንዲታይ፤ ከዚያም ውጭ በዓመቱ ውስጥ ሳይነገር የሚደረግ ፍተሻ በመናኸሪያዎቹ እንዲጀመር። ለትራፊክ ፖሊስ የምናሳስበው፣ መዝገብ ይዞ የተገኘ አሽከርካሪ ጉድለቱን ያስመዘገበ ሰው መሆኑን ነው፤ ሐቁን ስለጻፈ ከሌሎች ቀድሞ የሚቀጣ ከሆነ ሁለተኛ የሚጽፍ አይገኝም።

8. ባለንብረቶችን እንደ ባላንጣ አናያቸውም። መለዋወጫ በጋራ ለማስመጣት፣ በተለይ ለጌጅና ለሴንሰር፣ ከማኅበራቸው ጋር የጋራ ግዢ ለማደራጀት ፈቃደኞች ነን።

9. መዝገቡ ከጳጉሜን በፊት በወልቂጤና በቡታጅራ ለሁሉም አባላት ይታደላል። በመጪው የመስቀል ስምሪት፣ ወደ አገር ከሚገባበት ሳምንት እስከ ተመላሹ ድረስ፣ በአንቀጽ 3 የተፈቀደው ማራዘሚያ አይሠራም። ‹‹መስቀል ይለፍ›› በሚል የዘገየ ማንኛውም ብልሽት ቀኑ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ መኪናውም በአባሎቻችን እጅ ከመናኸሪያው አይወጣም። ይህ ውሳኔ ተሳፋሪውን እንደሚያጉላላ እናውቃለን። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የቆሙትን ተሽከርካሪዎች ሰሌዳና ምክንያት በየቀኑ ጠዋት በሁለቱም መናኸሪያዎች በሮች ላይ እንለጥፋለን፤ መካኒክ አባሎቻችንም ለአንቀጽ 2 ብልሽቶች ብቻ ሌሊት የሚሠራ ተረኛ ቡድን በየከተማው ያቆማሉ።